ለመዝገበ ዕውቀቱ የጥራት ምዘና ኮሚቴ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የጥራት ምዘና ኮሚቴ አባላት፣

ጉዳዩ፦ ለፈርዲናንድ ደ ሶሱር የሕይወት ታሪክ የተሰጠው ደረጃ እንደገና እንዲታይና የቋንቋ ሊቃውንት መጣጥፎች መመዘኛ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

እኛ በዚህ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ ቋንቋና ስለ ቋንቋ ሊቃውንት የሚወጡትን መጣጥፎች በበጎ ፈቃድ የምንጽፍ፣ የምናርምና የምንጠብቅ አርታዒያን ነን። ይህን ደብዳቤ በግልጽ እንድንጽፍ ያስገደደን፣ ኮሚቴው ለስዊሱ የሥነ ልሳን ሊቅ ለፈርዲናንድ ደ ሶሱር የሕይወት ታሪክ «ጥራቱ የተረጋገጠ» የሚለውን ከፍተኛ ደረጃ ሲሰጥ፣ በመጣጥፉ የውይይት ገጽ ላይ አስቀድመን ያቀረብናቸውን እርማቶች «ለጠቅላላ አንባቢ የማይመጥን ቴክኒካዊ ዝርዝር» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ዘግቶ ማለፉ ነው። በዚያው ዙር ሌሎች ሁለት መጣጥፎቻችን፣ የሂዮብ ሉዶልፍና የሜሪ ሃስ፣ ደረጃቸው ዝቅ ተደርጓል። ምክንያቱን ሁለት ጊዜ በውስጥ መልእክት ጠይቀን ሁለቱንም ጊዜ የተላከልን የመመዘኛ ቅጹ አድራሻ ብቻ ነበር። ቅጹን በሚገባ እናውቀዋለን፤ ቅሬታችንም ከቅጹ ይጀምራል። በዚህ ደብዳቤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን አስቀድመን መናገር ለምን እንዳስፈለገን ወዲያው ይታያል።

ቅጹ የሚጠይቀው፣ መጣጥፉ በቂ ርዝመት አለው ወይ? መግቢያ አንቀጽ አለው ወይ? በየአንቀጹ መጨረሻ የግርጌ ማስታወሻ ተቀምጧል ወይ? በጎን ያለው የመረጃ ሠንጠረዥ ተሞልቷል ወይ? ነጻ ፈቃድ ያለው ፎቶግራፍ ተያይዟል ወይ? እያለ ነው። ከእነዚህ አንዱንም አንነቅፍም፤ እኛም ስንጽፍ እንጠነቀቅላቸዋለን። ነገር ግን ሁሉንም ጥያቄዎች መጣጥፉን ሳያነቡ መመለስ ይቻላል። የጦር መሪን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢሰንፍ እንኳ ዘመቻዎቹ ይናገሩለታል። የቋንቋ ሊቅ ግን ዕድሜውን ያሳለፈው ድምፅን ከድምፅ፣ ቃልን ከቃል ሲያስተያይ ነው፤ ያገኘው ነገር ካልተነገረ የሚቀረው የተወለደበት፣ የተማረበት፣ የተቀጠረበትና የሞተበት ቀን ነው፤ ያም ለሥራ ማመልከቻ ይበቃ እንደሆን እንጂ የአንድን ሊቅ ሕይወት አያስረዳም።

ከቀላሉ ጉድለት እንነሣ። በመረጃ ሠንጠረዡ ላይ ሶሱር በ1850 ተወልዶ በ1913 እንዳረፈ ተጽፏል፤ በዚህ ስሌት 63 ዓመት ኖሯል ማለት ነው። ሰውየው የተወለደው በጄኔቭ ከተማ ኖቬምበር 26 ቀን 1857 ሲሆን፣ ያረፈውም ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1913 በ55 ዓመቱ ነው። የሆነው ነገር ግልጽ ነው፤ አንድ አርታዒ የልደቱን ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሶ፣ የሞቱን ዓመት ግን ወደ 1905 ሳይመልስ እንዳለ ትቶት ሄዷል። በመካከል ስምንት ዓመት ዕድሜ ተጨምሮለታል። የአርትዖት ታሪኩ እንደሚያሳየው ይህን ስሕተት ከምዘናው በፊት አመልክተን ነበር፤ ሠንጠረዡ ግን «ተሞልቷል» ተብሎ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። የሰውየው ስም በዚያው መጣጥፍ ውስጥ ሶሱር፣ ሳውሱርና ሶሲዩር ተብሎ በሦስት ዓይነት መጻፉንም ለመዝገብ ያህል ጠቅሰን እናልፋለን።

ዋናው ጉድለት የሚገኘው ስለ ሥራው በተጻፈው ክፍል ነው። ሶሱር በላይፕዚግ ይማር በነበረበት ጊዜ፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ስለ ኢንዶ አውሮፓ ቋንቋዎች (ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ስለሚገኙበት የቋንቋ ቤተሰብ) ጥንታዊ የአናባቢ ሥርዓት አንድ ጥናት አሳተመ፤ መጽሐፉ የወጣው በ1878 መጨረሻ ሲሆን ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት 1879 ነው። በሕይወት ሳለ ካሳተማቸው ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ከፍተኛ ደረጃ የሰጣችሁት መጣጥፍ ስለዚህ ሥራ ያለው ግን «ስለ አናባቢዎች ታዋቂ መጽሐፍ ጻፈ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ምን አለ? በምን መንገድ ደረሰበት? ለምን ታዋቂ ሆነ? አንባቢው አንዱንም ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ይሻገራል።

እኛ ያቀረብነውና ኮሚቴው የጣለው ምትክ አንቀጽ ነገሩን ከአማርኛ ተነሥቶ የሚያስረዳ ነበር። «ሰበረ»፣ «ነገረ»፣ «ፈለገ» የሚሉት ግሶች ሦስት ሦስት ተነባቢ አላቸው፤ «ሰማ»፣ «በላ»፣ «ነሣ» ግን ሁለት ሁለት ብቻ አሏቸው፤ መጨረሻቸውም እንደ ሌሎቹ በግዕዙ ሳይሆን በራብዑ ያልቃል። ጥንቁቅ የሆነ ሰው ግዕዝን ፈጽሞ ባያውቅ እንኳ፣ እነዚህ ግሶች ጥንት ሦስተኛ ተነባቢ ነበራቸው፣ ያ ተነባቢ ሲጠፋም አሻራውን በአናባቢው ላይ ትቷል ብሎ ሊገምት ይችላል። የግዕዝን መጽሐፍ ሲከፍት «ሰምዐ»፣ «በልዐ»፣ «ነሥአ» የሚሉትን ያገኛል፤ ግምቱም ትክክል እንደነበረ ያያል። ሶሱር ያደረገው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ልዩነቱ የሚከፍተው ግዕዝ አልነበረውም። የሳንስክሪትን፣ የግሪክንና የላቲንን አናባቢዎች መለዋወጥ አስተያይቶ፣ በዘመኑ ከሚታወቁት የቤተሰቡ ቋንቋዎች በአንዱም ውስጥ እንደራሳቸው ሆነው ያልተረፉ ጥንታዊ ድምፆች እንደነበሩ ከሥርዓቱ ብቻ ተነሥቶ ደመደመ። ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም።

ምስክሩ የመጣው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። በዛሬዋ ቱርክ በቦጋዝኮይ ከ1906 ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮ የወጡት የሸክላ ጽሑፎች የተጻፉበትን የሂታይት ቋንቋ፣ የቼኩ ሊቅ ቤድሪች ህሮዝኒ በ1915 ከኢንዶ አውሮፓ ቤተሰብ እንደሚመደብ አሳየ። በ1927 ደግሞ የፖላንዱ ሊቅ ዬዢ ኩሪዎቪች፣ ሶሱር የጠፋ ድምፅ ነበረ ካለባቸው ስፍራዎች በአንዳንዶቹ ሂታይት «ኀ»ን የሚመስል ተነባቢ ይዞ መቆየቱን አመለከተ። ከመጽሐፉ መውጣት እስከዚህ 49 ዓመት አልፏል። ሰው በወረቀት ላይ ብቻ አስልቶ የደረሰበት ድምፅ ከመሬት ተቆፍሮ ሲወጣ ማየት በየትኛውም ሳይንስ ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። ኮሚቴው «ቴክኒካዊ ዝርዝር» ያለው ይህንን ነው። ሀ፣ ሐና ኀ በአፉ አንድ ሆነውበት በጽሑፍ ለመለየት እየተቸገረ ያደገ አንባቢ፣ የጠፋ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም ብሎ መፍረድ አንባቢውን መናቅ ይመስለናል።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ተራ ጉድለት አይባልም፤ ግልጽ ስሕተት ነው። መጣጥፉ ሶሱር በ1916 ስለ ጠቅላላ ሥነ ልሳን ዋና መጽሐፉን «ጽፎ አሳተመ» ይላል። ሰውየው ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። የሞተበት ዓመት በዚያው ገጽ ከፍ ብሎ ተጽፎ እያለ፣ ከገምጋሚዎቹ አንዱ እንኳ ሁለቱን መስመሮች አላገናኘም። እንደሚታወቀው ሶሱር በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ከ1907 እስከ 1911 ባለው ጊዜ ትምህርቱን ሦስት ጊዜ ሰጥቷል፤ መጽሐፉን ያዘጋጁት ባልደረቦቹ ሻርል ባይና አልበር ሰሽኤ በአልበር ሪድሊንገር ረዳትነት ከተማሪዎች ማስታወሻ ሰብስበውና አዋህደው ነው። ሁለቱ አዘጋጆች ትምህርቱን ራሳቸው ተቀምጠው አልሰሙትም። ስለዚህ «ሶሱር እንዲህ ብሏል» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ፣ የሚጠቅሰው የሶሱርን ቃል ነው ወይስ የባይንና የሰሽኤን ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ጥያቄው የሊቃውንት ቅንጦት አይደለም። የመጣጥፉ መግቢያ በትምህርተ ጥቅስ ያስቀመጠው፣ የሥነ ልሳን ብቸኛ ጉዳይ ቋንቋ በራሱና ለራሱ ሲታይ ነው የሚለው የመጽሐፉ መዝጊያ ዐረፍተ ነገር፣ በተማሪዎቹ ማስታወሻ ውስጥ አይገኝም፤ የአዘጋጆቹ ነው። ሮበር ጎዴል በ1957 የመጽሐፉን የእጅ ጽሑፍ ምንጮች መርምሮ ካሳተመ፣ ሩዶልፍ ኤንግለርም በ1960ዎቹ መጨረሻ የታተመውንና የተማሪዎቹን ማስታወሻዎች ጎን ለጎን አድርጎ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም። በ1996 በቤተሰቡ የጄኔቭ መኖሪያ የሶሱር የራሱ የእጅ ጽሑፎች ተገኝተው በ2002 ታትመዋል። መጣጥፉ ግን ታሪኩን በ1916 ዘግቶ ተቀምጧል። እኛም ከዚህ ስሕተት ንጹሕ አይደለንም፤ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ስለ ሥነ ልሳን ታሪክ በጻፍነው ሌላ መጣጥፍ ውስጥ የሶሱር ቃል አድርገን ጠቅሰነው ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ነበር፤ ያረምነው ከእኛው መካከል አንዲት አርታዒ ምንጩን ፈልጋ በማጣቷ ነው። ስሕተት መሥራት ያለ ነው። ያስከፋን የታረመውን ስሕተት መልሶ ማኅተም ማሳረፉ ነው።

የግርጌ ማስታወሻዎችን በመቁጠር ጥራት እንደማይለካ የሚያሳየው ደግሞ የቤንጃሚን ሊ ዎርፍ መጣጥፍ ነው፤ እርሱም በናንተ መዝገብ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። ዎርፍ (1897–1941) በኬሚካል ምሕንድስና የሠለጠነ፣ ኑሮውንም በእሳት አደጋ መድን ድርጅት ውስጥ የእሳት መከላከል ባለሙያ ሆኖ የመራ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ ከቋንቋ ሊቁ ከኤድዋርድ ሳፒር ዘንድ የተማረ ሰው ነበር። መጣጥፉ ዎርፍ ስለ በረዶ መቶ የኤስኪሞ ቃላት እንዳሉ አረጋግጧል ይላል፤ ሦስት የግርጌ ማስታወሻም ደርድሮበታል። ሦስቱንም ከፍተን አየናቸው። ሁለቱ የእኛኑ መጣጥፍ የቆየ ቅጂ ቃል በቃል ገልብጠው ያወጡ ገጾች ናቸው፤ ሦስተኛው አይከፈትም። ማለትም መዝገበ ዕውቀቱ ለራሱ ራሱን ምስክር አድርጎ አቁሟል። የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪው ፍራንዝ ቦአስ በ1911 ያነሣው ስለ አራት ሥር ቃላት ነበር፤ ዎርፍ በ1940 ጉዳዩን ሲያነሣ መቶ የሚል ቁጥር አልጻፈም፤ ቁጥሩ ከአፍ ወደ አፍ እንዴት እያደገ እንደሄደ ላውራ ማርቲን በ1986 ተከታትላ አሳይታለች። «የሳፒርና ዎርፍ መላምት» የሚባለውን፣ ማለትም የምንናገረው ቋንቋ አስተሳሰባችንን ይቀርጻል የሚለውን ሐሳብም፣ ሁለቱ ሰዎች በአንድነት ተቀምጠው አልጻፉትም፤ ስያሜው የተሰጠው ከሁለቱም ሞት በኋላ ነው። መጣጥፉ ግን በጋራ «ያወጁት» አድርጎ ያቀርበዋል።

ደረጃቸው ወደ ወረደው ሁለት መጣጥፎች እንምጣ። የሂዮብ ሉዶልፍ የሕይወት ታሪክ ዝቅ የተደረገው «ከባለታሪኩ ወጥቶ ስለ ሌላ ሰው አብዝቶ ያወራል» ተብሎ ነው። ያ ሌላ ሰው ሉዶልፍን ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው ካህን አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሉዶልፍ በ1624 በኤርፉርት ተወልዶ በ1704 ያረፈ፣ የግዕዝንና የአማርኛን ጥናት በአውሮፓ ያቋቋመ ሊቅ ነው። በ1649 ሮም ሄዶ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋወቀ፤ በ1652 ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጋበዟቸው፤ ሁለቱም እዚያ አብረው ሠሩ፤ ከተለያዩም በኋላ ደብዳቤ ተጻጻፉ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጠሙ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ብዙው ክፍል በእርሳቸው ቃል ላይ የቆመ ነው፤ በ1698 በፍራንክፈርት የወጡት የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም ከዚያ ትምህርት የመነጩ ናቸው። ሉዶልፍ ራሱ ይህን አልሸሸገም፤ የአባን ስምና ውለታ በጽሑፉ አስፍሯል። ባለታሪኩ ራሱ ያመሰገነውን መምህር ከባለታሪኩ ሕይወት አውጡ መባላችን ምን ዓይነት ሚዛን እንደሆነ አልገባንም። በጣላችሁት ክፍል ውስጥ፣ በ1661 ለንደን ላይ በተማሪው በቫንስሌብ እጅ የታተሙት የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሉዶልፍን እንዳላረኩት፣ ኋላም ራሱ አርሞ እንደገና እንዳወጣቸው የሚገልጽ አንቀጽ ነበር፤ እርሱም አብሮ ተወግዷል። አሁን መጣጥፉ የመጀመሪያውንና የኋለኛውን ኅትመት ሳይለይ የመጻሕፍት ስም ይዘረዝራል።

የሜሪ ሃስ (1910–1996) መጣጥፍ ደረጃ የወረደው ነጻ ፈቃድ ያለው ፎቶግራፍ ስላልተገኘ ብቻ ነው። ሃስ አሜሪካዊት የቋንቋ ሊቅ ስትሆን፣ በ1930ዎቹ ሉዊዚያና ሄዳ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ቋንቋ የሆነው የቱኒካ የመጨረሻ ተናጋሪ ከነበሩት ከሴሶስትሪ ዩሺጋንት ቋንቋውን መዝግባ፣ በ1935 የዶክትሬት ጽሑፏን በእርሱ ላይ ያቀረበች፣ ኋላም ተረኮቹንና መዝገበ ቃላቱን ያሳተመች ናት፤ ለታይ ቋንቋ ጥናትም ብዙ ደክማለች። እርሷ ባትጽፈው ኖሮ ከቱኒካ ዛሬ እጅግ ጥቂት ይቀር ነበር። መጣጥፉ ይህን ሁሉ በምንጭ አስደግፎ ያስረዳል። ፎቶ የለውም። ከምዘናው በኋላ አንድ ሌላ አርታዒ መጣጥፉን «ለማበልጸግ» የጨመረው ስለ ቀድሞ ባለቤቷ ስለ ሞሪስ ስዋዴሽ የሚተርክ ረጅም አንቀጽ ሲሆን፣ ቅጹ ለርዝመት ነጥብ ስለሚሰጥ መጣጥፉ በዚሁ ምክንያት ጥቂት ነጥብ መልሶ አግኝቷል። ሳቅም ቁጭትም መጣብን።

«መዝገበ ዕውቀት ለሁሉም ነው፤ ለባለሙያ አይጻፍም» የሚለውን የኮሚቴውን መከራከሪያ አቅልለን አናየውም። ከእኛም መካከል ለጓደኞቹ ብቻ የሚጽፍ የሚመስል ሰው አለ፤ ባልተተረጎሙ የሙያ ቃላት የታጨቀ አንቀጽ ስናገኝ እኛው እንመልሰዋለን። ነገር ግን አስቸጋሪን ነገር ማቅለልና አስቸጋሪን ነገር መሰረዝ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ቅጹ ሁለቱን አይለይም። ገምጋሚዎች የሥነ ልሳን ዲግሪ ይኑራቸው አንልም። የሞተ ሰው መጽሐፍ እንደማያሳትም ለማወቅ፣ የማይከፈት ማያያዣን ለመጫን፣ በጥቅስ ውስጥ ያለ ቃል የማን እንደሆነ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው መጣጥፉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴውን የሚከተሉትን እንጠይቃለን። በመጀመሪያ፣ የሶሱርና የዎርፍ መጣጥፎች የተሰጣቸው ከፍተኛ ደረጃ ከላይ የተጠቀሱት ስሕተቶች እስኪታረሙ ድረስ እንዲታገድ፣ በገጾቹም ራስ ላይ ይኸው እንዲገለጽ። ሁለተኛ፣ በሶሱር መጣጥፍ የውይይት ገጽ ላይ የተዘጋው ውይይት እንደገና ተከፍቶ ለእያንዳንዱ እርማት ተቀባይነት ያገኘበት ወይም ያላገኘበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥ። ሦስተኛ፣ ከሉዶልፍ መጣጥፍ የተወገዱት ስለ አባ ጎርጎርዮስና ስለ 1661ዱ ኅትመት የሚናገሩት ክፍሎች እንዲመለሱ፣ የሃስም መጣጥፍ ደረጃ ያለ ፎቶግራፍ መመዘኛ እንደገና እንዲታይ። አራተኛ፣ ለቋንቋ ሊቃውንት የሕይወት ታሪክ በቅጹ ላይ ጥያቄዎች እንዲጨመሩ፦ መጣጥፉ ሊቁ ስለ ቋንቋ ምን እንዳገኘ ቢያንስ በአንድ ምሳሌ ያስረዳል ወይ? ያስተማሩትን ተናጋሪዎችና መምህራን በስም ይጠቅሳል ወይ? የራሱን ጽሑፍ ሌሎች በስሙ ካሳተሙት ይለያል ወይ? ዓመታቱ በአንድ አቆጣጠር ተጽፈዋል ወይ? በመጨረሻም፣ አንድ መጣጥፍ ከፍተኛ ደረጃ ከማግኘቱ በፊት ቢያንስ አንድ ገምጋሚ የግርጌ ማስታወሻዎቹን ከፍቶ እንዳየ በስሙ እንዲፈርም።

ለእነዚህ ሥራዎች የሚያስፈልገውን ጉልበት ለማካፈል ፈቃደኞች ነን፤ የሶሱርን መጣጥፍ የተስተካከለ ረቂቅ ከነምንጮቹ አዘጋጅተን በቡድናችን ገጽ ላይ አስቀምጠናል፤ ኮሚቴው በሚመቸው ጊዜ ሊመለከተው ይችላል። መልሳችሁን በዚሁ ግልጽ መንገድ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቋንቋና የቋንቋ ሊቃውንት መጣጥፎች በጎ ፈቃደኛ አርታዒያን ቡድን አስተባባሪ፣ ስለ ቡድኑ አባላት